ቴሌቪዥን የተቀበለው፣ የዝና አዳራሽ ያልተቀበለው፦ የአሌክስ ሮድሪጌዝ ጉዳይ

በየጃንዋሪው አንድ ክርክር ይነሳል። የስፖርቱ ታላላቆች የሚከበሩበት የአሜሪካ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የምርጫ ውጤት ይወጣል፣ በአበረታች ቅመም የተቀጣው የቀድሞ ኮከብ አሌክስ ሮድሪጌዝም ይወድቃል። በየኦክቶበሩ ደግሞ ይኸው ሰው ሱፉን ግጥም አድርጎ ፎክስ ቴሌቪዥን ላይ ቁጭ ይልና የዓመቱን ትልቁን ውድድር ይተነትናል። ተቀጥቷል እንዳይባል በክብር ወንበር ላይ ነው። ይቅር ተብሏል እንዳይባል ደግሞ አዳራሹ አላስገባውም።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው አብረውት የተቀመጡትን ስታዩ ነው። ፎክስ በ2023 ባቀናጀው የስቱዲዮ ቡድን ውስጥ የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ዴሪክ ጂተርና ዴቪድ ኦርቲዝ ነበሩበት። ሁለቱም አዳራሹ ገብተዋል። ጂተርን በ2020 ከ397 መራጮች 396ቱ መርጠውታል። ኦርቲዝ በ2022 ገና በመጀመሪያ ዓመቱ አለፈ። የኦርቲዝ ስም ግን ሮድሪጌዝ ባለበት፣ በምርመራ አበረታች ቅመም ተገኘባቸው በተባሉት ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንደነበረ በ2009 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። ታዲያ አንዱ ገብቶ ሌላው ለምን ቀረ? ሰው የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ኦርቲዝን ይወዱታል፣ ሮድሪጌዝን አይወዱትም። ውሸት ነው አልልም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው።

ነገሩ የሚገባን "ቤዝቦል" የሚባል አንድ ፈራጅ እንደሌለ ስናውቅ ነው። ሊጉ አለ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ አሉ፣ አዳራሹ አለ። ሦስቱ የሚጠይቁት ጥያቄ አይገናኝም። አንዱ የሰጠውን ፍርድ ሌላው የመከተል ግዴታ የለበትም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማነው?

ቤዝቦልን ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። በነሱ ዙሪያ የሚከላከሉት ተጫዋቾች ኢንፊልደር ይባላሉ። ከነዚህ ውስጥ ከባዱ ቦታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው የሾርትስቶፕ ቦታ ነው። ኳስ በብዛትና በኃይል ስለሚመጣበት ፈጣን እግርና ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል። ሆም ረን ደግሞ መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ ሲልካት ነው።

ድሮ ከሾርትስቶፕ ብዙ ሆም ረን አይጠበቅም ነበር። በደንብ ከተከላከለ በቂ ነው። ሮድሪጌዝ ይሄን ሐሳብ ከቀየሩት አንዱ ነው። በ1975 ኒውዮርክ ውስጥ ከዶሚኒካን ቤተሰብ ተወለደ፣ ያደገው በአብዛኛው ማያሚ ነው። በ1993 በሊጉ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሲያትል ማሪነርስ ከሁሉም በፊት እሱን መረጠ። በ18 ዓመቱ ትልቁ ሊግ ውስጥ ተሰለፈ። በ1998 በአንድ የውድድር ዓመት 42 ሆም ረን መታ፣ 46 ቤዝ ደግሞ ሰረቀ፤ ቤዝ መስረቅ ማለት የተወረወረች ኳስ ሳትቀድመው ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው። ጉልበትና ፍጥነት እንዲህ አንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው።

ጫማውን ሲሰቅል በ2016፣ 696 ሆም ረንና 3,115 ሂት (መቺውን በሰላም ቤዝ ላይ ያደረሰ ምት) ነበረው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ በ2003፣ በ2005 እና በ2007። በቁጥር ብቻ ቢሆን ክርክር የለም፣ በመጀመሪያው ዓመት አዳራሹ ይገባ ነበር።

252 ሚሊዮን ዶላር

ብዙ ሰው ሮድሪጌዝን መጥላት የጀመረው በቅመሙ ምክንያት ይመስለዋል። አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው።

በዲሴምበር 2000 ቴክሳስ ሬንጀርስ በአሥር ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። እስከዚያ ድረስ ትልቁ የስፖርት ውል የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የኬቨን ጋርኔት ነበር፣ 126 ሚሊዮን። ልክ እጥፍ። የክለቡ ባለቤት ቶም ሂክስ ከሁለት ዓመት በፊት ክለቡን በሙሉ የገዛው በ250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ተጫዋች ከክለብ በለጠ ማለት ነው።

ሲያትል ላይ የነበረው ቁጣ ከባድ ነበር። በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጣሚ ሆኖ ሲመለስ ደጋፊዎች የውሸት የብር ኖት በተኑበት። የሚገርመው በዚያው ዓመት ማሪነርስ ያለሱ 116 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን የድል ሪከርድ ተጋራ። ሬንጀርስ ደግሞ እሱ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት በሙሉ በምድቡ መጨረሻ ወጣ። የሮድሪጌዝ የራሱ ጨዋታ ግን ግሩም ነበር። በ2002 ብቻ 57 ሆም ረን መታ፣ አንድ ሾርትስቶፕ በዓመት ከመታው ሁሉ ትልቁ ነው። ክለቡ ግን ገንዘቡን አንድ ሰው ላይ ጨርሶ ጥሩ ወርዋሪ (ለተጋጣሚው መቺ ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) መግዣ አጣ። ጥፋቱ የክለቡ ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው የተጫዋቹ ነው።

በ2004 ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ተዛወረ። እዚያ ሾርትስቶፑ ጂተር ስለነበር ቦታውን ለቆ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ተሰለፈ። ያንኪስ በ2009 ሻምፒዮን ሲሆን ዋናው ሞተር እሱ ነበር፣ በዚያ ዓመት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች 6 ሆም ረን መታ። ከዚያ በፊት ግን በ2007 የውድድሩ የፍጻሜ ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ ውሉን ማቋረጡ በወኪሉ በኩል ተነገረና የሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ክለብ ጋር በ275 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ይሄን ሁሉ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መራጮቹ ጋዜጠኞች ናቸው፣ ጋዜጠኛ ደግሞ ሰው ነው፣ ቅሬታ ያጠራቅማል።

አንድ ጥፋት ሳይሆን ሁለት

ክርክሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በ2003 እና በ2013 የሆነውን ሰው እየደባለቀ ያወራል።

በ2003 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በስምምነት የሙከራ ምርመራ አደረጉ። ዓላማው ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነበር። ስም አይወጣም፣ ቅጣት የለም። ከ5 በመቶ በላይ ተጫዋቾች ከተገኙባቸው በቀጣዩ ዓመት ቅጣት ያለው ምርመራ ይጀመራል የሚል ነበር ስምምነቱ። ተገኘባቸውም። የፌዴራል መርማሪዎች ግን ለሌላ ጉዳይ ሲፈትሹ ዝርዝሩን ወሰዱትና ሚስጥር መሆኑ ቀረ። በፌብሩዋሪ 2009 የሮድሪጌዝ ስም ወጣ። እሱም ቴክሳስ በነበረባቸው ዓመታት ከ2001 እስከ 2003 እንደተጠቀመ በቴሌቪዥን አመነ። ቀደም ብሎ በ2007 ግን በሌላ ቃለ መጠይቅ ፈጽሞ ነክቼው አላውቅም ብሎ ነበር። ይቺ ውሸት እስከ ዛሬ ትከተለዋለች።

ኦርቲዝም በዚያው ዝርዝር ነበረበት የተባለው በዚሁ በ2009 ነው። እሱ ግን ምን ተገኘብኝ እንደተባለ አላውቅም አለ። በ2016 የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ በዚያ ምርመራ ውጤታቸው አከራካሪ የሆኑ ስሞች እንደነበሩ በይፋ ተናገሩ። ቅጣት ያለው ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ኦርቲዝ አንድም ጊዜ አልተያዘም።

ሮድሪጌዝ ግን ሁለተኛ ዙር ነበረው። በጃንዋሪ 2013 አንድ የማያሚ ጋዜጣ ባዮጄኔሲስ ስለሚባል ክሊኒክ ጻፈ። ክሊኒኩ እርጅናን እከላከላለሁ ባይ ነበር፤ ባለቤቱ አንቶኒ ቦሽ የሕክምና ፈቃድ አልነበረውም፣ ለስፖርተኞች ቴስቶስትሮንና የዕድገት ሆርሞን ያቀርብ ነበር። በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። በኦገስት 2013 ሊጉ በአንድ ቀን 13 ተጫዋቾችን ቀጣ። 12ቱ 50 ጨዋታ ተቀጡ፣ አሜን ብለው ተቀበሉ። ሮድሪጌዝ ላይ የተጣለው 211 ጨዋታ ነበር። መጠቀሙ ብቻ ሳይሆን ምርመራውን ለማደናቀፍ ሞክሯል ተብሎ።

ተከራከረ። ገላጋይ ዳኛው በጃንዋሪ 2014 ቅጣቱን ወደ 162 ጨዋታ አወረዱት፣ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ማለት ነው። ሊጉንና የራሱን የተጫዋቾች ማኅበር ሳይቀር ከሰሰ፣ ወዲያው ክሱን ተወው። ደሞዙ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀረበት። በዚያ ምርመራ የሊጉም እጅ ንጹሕ አልነበረም። የክሊኒኩን ሰነዶች በገንዘብ እስከመግዛት ደርሷል። የሮድሪጌዝ ደጋፊዎች ይሄን ያነሳሉ፣ ማንሳታቸውም ተገቢ ነው። ሰነዱ ሐሰት ነበር የሚል አሳማኝ ክርክር ግን አላመጡም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። 2003 ቅጣት ባልነበረበት ጊዜ የሆነ ነው። 2013 ግን ሕጉ ተጽፎ፣ ቅጣቱ ታውቆ፣ እሱም አንዴ በአደባባይ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ የመጣ ነው። ብዙ መራጮች የመጀመሪያውን ሊያልፉት ይችላሉ፤ የሚያቆማቸው ሁለተኛው ነው።

ቅጣቱ አልቆ ቁጥሩ ለምን ቀረ?

የእኛ አገር አንባቢ አበረታች ቅመምን የሚያውቀው በሩጫ ነው። እዚያ ጥፋት ሲገኝ ውጤቱ ይሰረዛል። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ 5,000 ሜትር መሠረት ደፋር ሦስተኛ ሆና ነሐስ ነበር ያገኘችው። ብሩን የወሰደችው በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነችውና ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሰ ነበረች። ከ2007 የተቀመጠ ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር ተገኘባትና በ2017 ሜዳልያዋን ተነጠቀች፣ መሠረትም ወደ ብር ከፍ አለች። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን መዝገቡ ተስተካከለ።

ቤዝቦል ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሊጉ ተጫዋቹን ከሜዳ ያግደዋል፣ ደሞዙን ያስቀርበታል፣ የመታውን ሆም ረን ግን አይሰርዝም። እንዴትስ ይሰርዘዋል? ሩጫ ላይ ሁለተኛዋ ወደ አንደኛ ትወጣለች፣ አለቀ። የቡድን ስፖርት ላይ ግን አንዱን ሆም ረን ካወጣችሁ የጨዋታው ውጤት ይቀየራል፣ የወርዋሪው ቁጥር ይቀየራል፣ የምድቡ ደረጃም ይቀየራል። ማለቂያ የለውም። ስለዚህ 696ቱ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው፣ የ2009 ዋንጫም የያንኪስ ነው።

ቁጥሩ ስላልተነካ ፍርዱ ወደ ሌሎች ዞረ። "ይሄ ቁጥር ምን ያህል ዋጋ አለው?" የሚለውን ሊጉ አልመለሰውም፣ ለሌሎች ተወው። ጋዜጠኞቹ አዳራሹን፣ ቴሌቪዥኖቹ ገበያውን ይዘው የየራሳቸውን መልስ ሰጡ። አሁን የምናየው መምታታት የተፈጠረው ከዚህ ነው።

አንድ ጥሩ ማሳያ አለ። ያንኪስ በውሉ ላይ ሮድሪጌዝ የታላላቆቹን የሆም ረን ቁጥር በደረሰ ቁጥር 6 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማምቶ ነበር። ሐሳቡ ክለቡ በዚያ አጋጣሚ ማልያና ማስታወሻ ይሸጣል የሚል ነው። በሜይ 2015 የዊሊ ሜይስን 660 ሲደርስ ክለቡ አልከፍልም አለ። ከቅጣቱ በኋላ ይሄ ሊሸጥ የሚችል ነገር አይደለም ብሎ። በመጨረሻ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ተስማሙ። ክለቡ ሮድሪጌዝ አይሸጥም ያለው በሜይ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፎክስ ይሸጣል ብሎ ስቱዲዮ አስገባው።

ቴሌቪዥን ለምን ወሰደው?

በ2015 የያንኪስ ውድድር ሲያልቅ ፎክስ ሮድሪጌዝን በእንግድነት ጋበዘው። ገና ተጫዋች ነበር። በዚያ ስቱዲዮ ሌላ ማን ነበር መሰላችሁ? ፒት ሮዝ፣ በ1989 በውርርድ ምክንያት ከቤዝቦል ለዘለቄታው የታገደው ሰው። እና ፍራንክ ቶማስ፣ ቅመም ተጠቃሚዎችን በግልጽ ሲቃወም የኖረ፣ በ2007 በወጣው፣ ሊጉ ስለ ቅመም ባስጠናው የሚቼል ሪፖርት ምርመራ ወቅት ገና እየተጫወተ በፈቃደኝነት ቃሉን የሰጠ ብቸኛ ተጫዋች። ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጠው ሰው ምን እንደሚሠራ በደንብ ያውቃል። ቴሌቪዥን የሚፈልገው ንጹሕ ሰው ሳይሆን ተመልካች የሚያቆም ሰው ነው።

ደግሞም ሮድሪጌዝ ሥራውን ይችላል። ይሄ ሊዘለል አይገባም። ኢንፊልደር ጨዋታውን ከመሀል ነው የሚያየው። ከኳስ ያዡ የሚመጣውን ምልክት ያነባል፣ መቺው እግሩን እንዴት እንዳስቀመጠ ያያል፣ ጓደኞቹን ያሰልፋል። ለዚህ ነው ከዚያ ቦታ ብዙ ተንታኝ የወጣው። የያንኪሱ ፊል ሪዙቶ ሾርትስቶፕ ነበር። የሲንሲናቲው ጆ ሞርጋን ሁለተኛ ቤዝ ነበር። ሮድሪጌዝም አንድ መቺ ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጠብቅ ሲያስረዳ ከልቡ ነው፣ ያምርበታል።

በ2017 ፎክስ ቋሚ ተንታኝ አደረገው። በ2018 የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ደግሞ የእሁድ ማታ ጨዋታን በቀጥታ እንዲያስተላልፍ ቀጠረው፣ እስከ 2021 ቆየ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም። ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አስበህበት ትናገራለህ። በቀጥታ ስርጭት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ መናገር አለብህ፣ ባዶ ጊዜም ብዙ ነው። በእኔ ግምት እሱ የስቱዲዮ ሰው ነው። የእሁዱ ሥራ ላይ እየሳሳ ይሄድ ነበር፣ የድሮ ዘዴዎችን ማድነቅ ያበዛል፣ ተመልካችም ይሄን በደንብ ነግሮታል።

የጥቅም ግጭት ጥያቄም አለ። ኢኤስፒኤን ሲቀጥረው የያንኪስ አማካሪ ሆኖ ቀጥሎ ነበር። በ2020 ደግሞ ከጄኒፈር ሎፔዝ ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ሜትስን ለመግዛት ተጫረተ፤ ክለቡን በመጨረሻ የገዛው ስቲቭ ኮኸን ነው። ሊገዛው የሚፈልገውን ክለብ እየተነተነ ማለት ነው። ለእኔ ከድሮው ቅመም ይልቅ ጋዜጠኝነቱን የሚጎዳው ይሄኛው ነው፣ የተወራው ግን በጣም ትንሽ ነው።

ሊጉስ ለምን ዝም አለ? ዝም የሚያሰኘው ብዙ ምክንያት አለ። ቅጣቱን ጨርሷል፣ እንደ ሮዝ የዘለቄታ እገዳ የለበትም።  በዚያ ላይ ፎክስ እስከ 2028 ለሚዘልቀው የስርጭት መብት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፍል ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ማንን እንደሚቀጥር አትነግረውም።

ሩብ ሰው የሚያግደው በር

የዝና አዳራሹ የሊጉ አይደለም። ኩፐርስታውን በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ ያለ ራሱን የቻለ ሙዚየም ነው። መራጮቹ በቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ውስጥ ቢያንስ አሥር ተከታታይ ዓመት የቆዩ ጋዜጠኞች ናቸው። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ በዝርዝሩ ላይ የሚቆየው ቢበዛ አሥር ዓመት ነው።

ይሄ 75 በመቶ ብዙ ነገር ይወስናል። ከአራት መራጭ ከአንድ በላይ "አይሆንም" ካለ አለቀ። ሮድሪጌዝ በ2022 ሲጀምር 34.3 በመቶ አገኘ። በ2023፣ 35.7። በ2024፣ 34.8። በ2025 ከ394 ድምፅ 146ቱን አገኘ፣ 37.1 በመቶ። በአራት ዓመት ወደ ሦስት ነጥብ ገደማ ነው የጨመረው።

የምርጫው ደንብ ችሎታና ውጤትን ብቻ አይጠይቅም። ቅንነትን፣ ስፖርታዊ ጨዋነትንና ጸባይንም እንዲያዩ ይላል። ሰዎች የጸባይ አንቀጽ የሚሉት ይሄን ነው። እንዴት እንደሚለካ ግን አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ መራጭ የየራሱን መስመር ያሰምራል። አንዱ ማንንም ተጠርጣሪ አይመርጥም። ሌላው ከ2004 በፊት የሆነውን ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ የተቀጣውን አይመርጥም። ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ያያል። ከሦስቱ ብዙ ውጤት የሚቀይረው መካከለኛው ነው፣ ቁጥሩም ይሄን ይመስላል። በቅመም የሚጠረጠሩት ታላላቅ ተጫዋቾች ባሪ ቦንድስና ሮጀር ክሌመንስ ቅጣት ያለው ምርመራ ከተጀመረ ወዲህ ታግደው አያውቁም፣ በመጨረሻ ዓመታቸው በ2022 ወደ 66 እና 65 በመቶ ደርሰዋል። ሁለት ጊዜ በሕጉ የተያዘው ማኒ ራሚሬዝ ግን ዓመታት ሙሉ ከ40 በመቶ በታች ነው የኖረው። ሮድሪጌዝ ያለው ከራሚሬዝ ጎን ነው። ነገሩ ፍቅርና ጥላቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመገናኛ ብዙኃን እምብዛም ያልተወደደው ቦንድስ 66 አይደርስም ነበር።

ሁለቱ ወገኖች

የሚቃወሙት ወገን ድምፁ በደንብ የተሰማው በኖቬምበር 2017 ነው። ጆ ሞርጋን ያን ጊዜ የአዳራሹ ምክትል ሊቀመንበር ነበር፣ ለመራጮቹ ደብዳቤ ጻፈ። በምርመራ የተያዙ፣ መጠቀማቸውን ያመኑ፣ በሚቼል ሪፖርት ስማቸው የተጠቀሰ እንዳይገቡ ለመነ። ሞርጋን ራሱ ኢንፊልደር የነበረ፣ ከ1990 እስከ 2010 በኢኤስፒኤን የእሁድ ማታ ጨዋታን ያስተላልፍ የነበረ ሰው ነው። ደብዳቤው በወጣ በሁለት ወር ገደማ ኢኤስፒኤን ለዚያው ፕሮግራም ሮድሪጌዝን ቀጠረ። አዳራሹና ቴሌቪዥኑ ምን ያህል እንደማይደማመጡ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የሞርጋን ወገን ክርክር ጠንካራ ጎን አለው። ቅመም ሳይወስዱ በዚያ ዘመን የተጫወቱ ብዙዎች ቦታቸውን፣ ደሞዛቸውን፣ አንዳንዴም ሥራቸውን ያጡት ከሚወስዱት ጋር እየተወዳደሩ ነው። የነሱን ሒሳብ ማንም አላወራረደም።

ሌላው ወገን ደግሞ ባድ ሰሊግን ያነሳል። ሰሊግ በቅመሙ ዘመን የሊጉ ኮሚሽነር ነበሩ። በ1998 ማርክ ማክጓየር 70፣ ሳሚ ሶሳ 66 ሆም ረን ሲመቱ ሊጉ በደስታ ነበር የተቀበለው፣ ከ1994ቱ የሥራ ማቆም በኋላ የራቀው ደጋፊ ተመልሶለታል። ሰሊግ በ2017 አዳራሹ ገቡ። በዚያ ዓመት የቦንድስ ድምፅ ከ44.3 ወደ 53.8 በመቶ ዘለለ፣ አንዳንድ መራጮችም ምክንያታቸው የሰሊግ መግባት እንደሆነ ጽፈዋል። ቤቱ ሲዘረፍ ዘበኛ የነበረው ከተሸለመ ሌባው ብቻ ለምን ይቀጣል ነው ነገሩ።

ክርክሩ ለቦንድስ ይሠራል ባይ ነኝ። ለሮድሪጌዝ ግን እኩል አይሠራም። ሊጉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚባለው እስከ 2003 ነው። በ2013 ሊጉ ዓይኑን ከፍቶ፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ አፍጥጦ ነበር።

ከዚህ በኋላ

ሮድሪጌዝ በጸሐፊዎቹ ዝርዝር ላይ የሚቆየው እስከ 2031 ነው። አሁን ባለው አካሄድ 75 አይደርስም። መራጮቹ እየተቀየሩ ነው፣ ወጣቶቹ ለቅመም ጉዳይ ለዘብ ይላሉ፣ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ግን ከአርባ ሰፈር ሰባ አምስት ለመድረስ የተለመደው ጭማሪ አይበቃም።

ከዚያ በኋላ ያለው የኮሚቴ መንገድ ነው። 16 ሰዎች ተቀምጠው ያያሉ፣ 12 ድምፅ ያስፈልጋል። አባላቱ የድሮ ተጫዋቾች፣ የክለብ ኃላፊዎችና ጋዜጠኞች ናቸው። እነሱ ከጸሐፊዎቹ የባሱ ጥብቅ ሆነው ነው የተገኙት። ቦንድስና ክሌመንስ በዲሴምበር 2022 ቀርበው አራት ድምፅ እንኳ አልሞላላቸውም፣ በዲሴምበር 2025 እንደገና ወድቀዋል። አዲሱ ደንብ ደግሞ አምስት ድምፅ ያላገኘን ሰው የሚቀጥለውን ዙር ያዘልለዋል፤ ተመልሶ ቀርቦ እንደገና ካላገኘ ከነአካቴው ይቀራል። ቦንድስን ያላሳለፈ ኮሚቴ ሮድሪጌዝን ያሳልፋል ማለት ይከብዳል።

ሕይወቱ ግን አዳራሹን እየጠበቀ የቆመ አይደለም። በጁን 2025 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ እሱና ነጋዴው ማርክ ሎር ሚኒሶታ ቲምበርዉልቭስን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲገዙ አጸደቀ። ከቀድሞው ባለቤት ጋር ረጅም ጭቅጭቅ ነበረበት፣ በግልግል ዳኝነት ነው ያሸነፉት። ያ ክለብ ለኬቨን ጋርኔት 126 ሚሊዮኑን የከፈለው ክለብ ነው። የክለብ ባለቤትነት ማጣሪያው ሌላ አራተኛ ጠያቂ መሆኑ ነው፣ ዋና ጥያቄውም ገንዘቡ ከየት መጣ የሚል ነው።

ነገሩን ሊነካካው የሚችል አንድ ጉዳይ አለ፣ የፒት ሮዝ። ሮዝ በሴፕቴምበር 2024 አረፈ። በሜይ 2025 ኮሚሽነር ማንፍሬድ የዘለቄታ እገዳ በሞት ያበቃል ብለው ወሰኑ፣ ስሙም ለምርጫ ብቁ ሆነ። የድሮዎቹን የሚያየው ኮሚቴ ቀጥሎ የሚሰበሰበው በዲሴምበር 2027 ነው። ሮዝ ከገባ የጸባይ አንቀጹ ላልቷል ማለት ነው፣ የሮድሪጌዝ ደጋፊዎችም በማግስቱ ያነሱታል። ካልገባ ደግሞ 4,256 ሂት ያለው ሰው ያልበቃበት በር ለ696 ሆም ረን እንደማይከፈት ከወዲሁ መገመት ይቻላል።